ልጅም ይከፋዋል፦ የልጆች ድባቴ ሐኪም ከየት መጣ?

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አሜሪካ ውስጥ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬቷን ጨርሳለች። አሁን ደግሞ በልጆችና በአፍላ ወጣቶች የስሜት ሕመም ላይ ለድኅረ ዶክትሬት ክሊኒካዊ ሥልጠና እያመለከተች ነው። «መምህር፣ እናቴ 'ዶክተር ከተባልሽ በኋላ ደግሞ የምን ተማሪነት ነው?' ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት?» አለችኝ። ለእሷ በሁለት መስመር መለስኩላት። ረጅሙን መልስ ግን እዚህ ልጻፈው ብዬ አሰብኩ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ያሳዝናል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በልጆች ነው። ላይትነር ዊትመር የሚባል ሰው በ1896 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ክሊኒክ ሲከፍት፣ መጀመሪያ የተቀበለው ቃላትን በትክክል መጻፍ ያቃተው ተማሪ ነበር። በ1909 ደግሞ ሺካጎ ላይ ዊሊያም ሂሊ የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት የሚልካቸውን ልጆች የሚመረምር ተቋም መራ። ከ1922 ጀምሮ ኮመንዌልዝ ፈንድ በየከተማው «ቻይልድ ጋይዳንስ» የተባሉ ክሊኒኮችን በገንዘብ አቋቋመ። እዚያ ሥራው ለሦስት የተከፈለ ነበር፦ ሳይካትሪስቱ ልጁን ያክማል፣ ሶሻል ወርከሯ እናትየዋን ታነጋግራለች፣ ሳይኮሎጂስቱ ፈተና ይሰጣል። ትኩረቱ በሙሉ «ለምን አይማርም? ለምን ይሰርቃል? ለምን ያስቸግራል?» ላይ ነበር። «ከፍቶት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ገና አልመጣም።

ያልመጣበትም ምክንያት አለው። ጀርመናዊው ኤሚል ክሬፕሊን የስሜት ሕመም የያዛቸውን ታካሚዎቹን ሲቆጥር፣ ከ10 ዓመታቸው በፊት የጀመራቸው ከመቶ አንድ እንኳን አልሞሉለትም። በኋላ የመጡት የፍሮይድ ተከታዮች ደግሞ ቁጥሩን ትተው በንድፈ ሐሳብ ዘጉት። ድባቴ ማለት ሰው በገዛ ራሱ ላይ የሚያነሳው ክስ ነው፤ ከሳሹ ደግሞ ሱፐርኢጎ የሚባለው የውስጥ ዳኛ ነው፤ ልጅ ይህ ዳኛ ገና አልበሰለለትም፤ ስለዚህ ልጅ ድባቴ ሊይዘው አይችልም። ሎጂኩ ሲነበብ ያምራል። ችግሩ ወደ ልጁ ሄዶ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው። (እኛም ቤት «ልጅ ምን ሐሳብ አለበት?» ይባል የለ? በንድፈ ሐሳብ ያልተጻፈ ሱፐርኢጎ ነው።)

እዚህ ጋ ሬኔ ስፒትዝን መዝለል አይቻልም። በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ ከእናቶቻቸው የተለዩ ሕፃናት መጀመሪያ አልቃሻ እንደሚሆኑ፣ ቀጥሎ ፊታቸውን እንደሚያዞሩ፣ ክብደት እንደሚቀንሱ፣ በመጨረሻም ዝም ብለው እንደሚያፈጡ በዝርዝር ጻፈ። ፊልምም ቀረጸባቸው። እናትየዋ ቶሎ ከተመለሰች ሕፃኑ ያገግማል። ስሙን «አናክሊቲክ ድባቴ» አለው። እንግዲህ የአንድ ዓመት ሕፃን እንዲህ ከሆነ የ9 ዓመቱ ልጅስ? ሞያው ግን ስፒትዝን አክብሮ በአንድ ጥግ አስቀመጠውና፣ ያ የመለየት ጉዳይ እንጂ «እውነተኛው» ድባቴ አይደለም ብሎ አለፈ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ መካከለኛ መንገድ ተገኘ። «የተሸፈነ ድባቴ» ይሉታል። ልጅ ድባቴ አለው፣ ነገር ግን ራስ ምታት ሆኖ፣ አልጋ ላይ መሽናት ሆኖ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ሆኖ፣ ጠብ ሆኖ ነው የሚወጣው ተባለ። በእኔ አስተያየት ይህ ሐሳብ ግማሽ በረከት ግማሽ መርገም ነው። በረከቱ በሩን መክፈቱ ነው። መርገሙ ደግሞ ሁሉም ነገር ሽፋን ሊሆን ከቻለ ምንም ነገር ስህተት መሆኑ ሊታወቅ አለመቻሉ ነው። ሁለት ሐኪሞች ስለ አንድ ልጅ ሲለያዩ ማን ልክ እንደሆነ የሚዳኝ ነገር የለም።

በ1971 የአውሮፓ የልጆች ሳይካትሪስቶች ማኅበር ስቶክሆልም ላይ ሲሰበሰብ ጉባኤው በሙሉ ስለ ልጆችና ስለ ወጣቶች ድባቴ ሆነ። በ1975 የአሜሪካው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩትም በዚሁ ጉዳይ ላይ ስብሰባ ጠራ። «አለ ወይስ የለም?» የሚለው ክርክር በይፋ የተነሣው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። ክርክሩን የቋጨው ግን ጉባኤ አይደለም፣ ቃለ መጠይቅ ነው።

ዮአኪም ፑች አንቲክ የባርሴሎና ልጅ ነው። ስሙን ከሳይካትሪ ውጭ የምታውቁት ካላችሁ በወንድሙ በኩል ይሆናል። ታናሽ ወንድሙን ሳልቫዶርን የፍራንኮ መንግሥት መጋቢት 2 ቀን 1974 ባርሴሎና እስር ቤት ውስጥ በጋሮት፣ ማለትም አንገት በሚያንቅ ብረት፣ ገደለው። ዕድሜው 25 ነበር። ታላቅየው ያኔ ኒው ዮርክ ሳይካትሪስት ነበር። ይህ ሐዘን በሥራው ላይ ምን እንዳደረገ መገመት አልፈልግም። የሚታወቀው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለው የኒው ዮርክ ግዛት ሳይካትሪ ኢንስቲትዩት ውስጥ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ስለ ሐዘናቸው በቀጥታ እየጠየቀ መሆኑ ነው።

በዚያው ኢንስቲትዩት ሮበርት ስፒትዘርና ጂን ኤንዲኮት ለአዋቂዎች «ሳድስ» የተባለ የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ሠርተው ነበር። ፑች አንቲክና የሥራ ባልደረባው ዊሊያም ቼምበርስ የልጆቹን ሠሩና «ኪዲ ሳድስ» አሉት፤ ዛሬ ሁሉም «ኬ ሳድስ» ይለዋል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ትንሽ ልጅ ከሆነ መጀመሪያ ወላጁ ብቻውን ይጠየቃል፣ ከዚያ ልጁ ብቻውን። አፍላ ወጣት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ መጀመሪያ እሱ ራሱ። ጠያቂው እያንዳንዱን ምልክት ከሁለቱም ወገን ነጥብ ይሰጠዋል፣ በመጨረሻ ደግሞ የራሱን ፍርድ ጨምሮ ሦስተኛ ነጥብ ያኖራል። ሲለያዩ መለያየታቸውን አንስቶ ይጠይቃል፤ «እናትህ ደህና ትተኛለህ ትላለች፣ አንተ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እንደምትነቃ ነገርከኝ፤ እንዴት ነው ነገሩ?»

ከዚህ ጥያቄ የወጣው ነገር ሞያውን ገለበጠው። ወላጆች የሚታየውን ያውቃሉ፦ ጠቡን፣ ውጤት መውረዱን፣ ምግብ መተዉን። የማይታየውን ግን፣ ራሱን እንደሚጠላ፣ ሌሊት እንደሚያለቅስ፣ መሞት እንደሚያስብ፣ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው። የ8 ዓመት ልጅ በሚገባው ቋንቋ ሲጠየቅ ይመልሳል። በ1978 ፑች አንቲክ ባሳተመው ትንሽ ጥናት፣ ለአዋቂ የሚሠራውን የድባቴ መስፈርት ሙሉ በሙሉ የሚያሟሉ ልጆች እንዳሉ አሳየ። ሽፋን መግለጥ አላስፈለገም። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የምርመራ መጽሐፍ ሦስተኛ እትም፣ ዲኤስኤም ሦስት፣ ለልጅና ለአዋቂ በመሠረቱ አንድ መስፈርት አስቀመጠ።

ሰውየው ተከራካሪ ብቻ አልነበረም፣ ታማኝ ሳይንቲስትም ነበር። ለአዋቂ ድባቴ የሚሰጠውን ኢሚፕራሚን ለልጆች ሞክሮ በ1987 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ባዶ ክኒን የወሰዱት እንዲያውም ትንሽ በልጠው ተገኙ። «አንድ በሽታ ነው» ብሎ የቆመ ሰው «መድኃኒቱ ግን አንድ አይደለም» የሚለውን ራሱ አሳተመው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ፒትስበርግ ተዛውሮ ነበር። በ1989 ገና ብዙ ሊሠራ በሚችልበት ዕድሜ ሞተ።

ፒትስበርግ ሲደርስ ማሪያ ኮቫክስ እዚያ ነበረች። ትውልዷ ሃንጋሪ ነው። ፊላዴልፊያ ከአሮን ቤክ ጋር ሠርታለች። የቤክን የአዋቂዎች መጠይቅ መሠረት አድርጋ ልጆች ራሳቸው የሚሞሉትን 27 ጥያቄ ያለውን የልጆች ድባቴ መጠይቅ የሠራችው እሷ ናት። ከዚያ የሚበልጠው ግን ልጆቹን ለዓመታት መከተሏ ነው። በ1984 ያወጣችው ውጤት ሁለት ፊት አለው። ከባድ ድባቴ ከያዛቸው ልጆች ከመቶ 92ቱ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ይድናሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ ግን ከመቶ 72ቱን መልሶ ሊይዛቸው ይችላል። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው አባባል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ውሸት ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ እንምጣ። ይህ ሁሉ ከሥልጠና ጋር ምን አገናኘው?

ኬ ሳድስ ወረቀት ብቻ አይደለም። ወረቀቱን ማንም ማንበብ ይችላል። ጥያቄዎቹ መነሻ ናቸው እንጂ ቃል በቃል የሚነበቡ አይደሉም፤ ነጥብ የሚሰጠው ጠያቂው ራሱ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሰውየው ነው ማለት ነው። ሰውየው ደግሞ መስተካከል አለበት። ሠልጣኟ የተቀረጹ ቃለ መጠይቆችን ታያለች፣ ነጥብ ትሰጣለች፣ የእሷ ነጥብ ከነባሮቹ ጋር ይነጻጸራል። ካፓ የሚባል ስሌት አለ፤ ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ ሊስማሙ ከሚችሉት በላይ ምን ያህል እንደተስማሙ ይለካል። ካፓዋ ዝቅ ካለ ትመለሳለች፣ ትደግማለች። ከዚያ እሷ ስትጠይቅ ይቀረጻል፣ ሱፐርቫይዘሯ ያያል። «እዚህ ጋ ልጁ ሁለት ሰከንድ ዝም አለ፣ አንቺ ቶሎ ወደ ሌላ ጥያቄ ሄድሽ» ይላታል። ይህን ዶክትሬት አያስተምርም። ዶክትሬት ስፋት ነው፤ አዋቂ፣ ልጅ፣ ፈተና፣ ስታቲስቲክስ፣ መመረቂያ ጽሑፍ። በ1949 ከ70 በላይ ባለሙያዎች ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ ለሁለት ሳምንት ተሰብስበው የቀየሱት ሥርዓት እንዲያ ነው፦ ሳይኮሎጂስት ተመራማሪም አካሚም ሆኖ ይውጣ፣ ዓመት ሙሉ ኢንተርን ይሁን። ልዩ ሞያው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሳይካትሪስቶቹ በበኩላቸው የልጆችን ዘርፍ በ1959 ይፋዊ ንዑስ ስፔሻሊቲ አደረጉት፤ ከጠቅላላ ሳይካትሪ ላይ ሁለት ዓመት ይጨመራል።

ገንዘቡ ደግሞ ከ1974 ሕግ ጋር መጣ። የፌዴራል መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎች የተመራማሪዎች ማሠልጠኛ ድጎማ መስጠት ጀመረ፤ በሞያው ቋንቋ «ቲ 32» ይባላል። ፒትስበርግን የመሰለ ቦታ ታካሚም፣ ጥናትም፣ ሠልጣኝም በአንድ ጣሪያ ሥር አገኘ። ዴቪድ ብሬንት በ1986 እዚያው ራስን የማጥፋት አደጋ ላይ ላሉ ወጣቶች ክሊኒክ ከፈተ፤ የፔንሲልቬንያ ግዛት ነው ወጪውን የቻለው። ብሬንት ራሳቸውን ያጠፉ ወጣቶችን ቤተሰቦች እየዞረ ጠይቆ፣ ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ መኖሩ ብቻውን አደጋውን ከፍ እንደሚያደርገው አሳየ። ዛሬ እዚያ የሚሠለጥን ሰው ሁሉ ስለ ስሜት ጠይቆ ሲጨርስ «ቤት ውስጥ ሽጉጥ አለ? የት ነው የተቆለፈው? ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ወላጅን አይሸኝም። ጥያቄው ያስፈራል፣ ያሳፍራልም። ለዚህ ነው መለማመድ የሚያስፈልገው።

ሥልጠናው ለምን ዋጋ እንዳለው በቁጥር ልንገራችሁ። በ2004 የወጣው «ታድስ» የተባለው ትልቅ ጥናት 439 አፍላ ወጣቶችን በአራት ቡድን ከፍሎ ለ12 ሳምንት አከመ። መድኃኒቱን ፍሉኦክሰቲንን ከሲቢቲ፣ ማለትም አስተሳሰብና ድርጊት ላይ ከሚያተኩረው የንግግር ሕክምና ጋር የወሰዱት ከመቶ 71ዱ ተሻላቸው። መድኃኒቱን ብቻ የወሰዱት 61፣ ሲቢቲ ብቻ ያገኙት 43፣ ባዶ ክኒን የወሰዱት 35። የንግግር ሕክምናው ብቻውን ከባዶ ክኒን በጥቂቱ ነው የራቀው! ወዲያው ክርክር ተነሣ፤ ሕክምናው ነው የደከመው ወይስ አሰጣጡ? በአጭር ጊዜ ብዙ ክህሎት ተጨናንቆበታል ያሉ ነበሩ። በ36ኛው ሳምንት ሲቢቲ ብቻ ያገኙትም መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ጋር እኩል ደረሱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በድባቴ መድኃኒቶች ላይ ባለ ጥቁር ሳጥን ማስጠንቀቂያ አስለጠፈ፤ በ24 ጥናቶች ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 2 ከመቶ ሲሆን፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 4 ከመቶ ሆኖ ነበር። በጥናቶቹ ውስጥ የሞተ ልጅ አልነበረም። ይህን ለደነገጠ ወላጅ ሳያስፈራሩ፣ ሳይዋሹም ማስረዳት ራሱን የቻለ ሞያ ነው።

የጨለማው ምዕራፍ ባይፖላር ነው። በ1990ዎቹ አንዳንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ ሁልጊዜ የሚነጫነጭና በቁጣ የሚፈነዳ ልጅ ማኒያ ይዞት ሊሆን ይችላል አሉ። ማኒያ በየጊዜው እየመጣ የሚሄድ መሆን አለበት የሚለው አሮጌ መስፈርት ላላ። በ1994 እና 95 ከ100,000 ልጆችና ወጣቶች 25 የነበረው በባይፖላር ስም የሚደረግ የሐኪም ጉብኝት፣ በ2002 እና 03 ወደ 1,003 ደረሰ። አርባ እጥፍ! በሽታ በስምንት ዓመት አርባ እጥፍ አይጨምርም፤ የጨመረው ስያሜው ነው። ከስያሜው ጋር ደግሞ ክብደት የሚጨምሩ፣ ስኳር የሚያመጡ ከባድ መድኃኒቶች ወደ ትንንሽ ልጆች ሄዱ። ብሔራዊው ኢንስቲትዩት ውስጥ ኤለን ላይበንሉፍት እነዚህን ነጭናጫ ልጆች ለይታ ማጥናት ጀመረች። የተከታተሏቸው ጥናቶች ሲያድጉ የሚያገኛቸው በአብዛኛው ባይፖላር ሳይሆን ድባቴና ጭንቀት መሆኑን አሳዩ። በ2013 ለእነሱ የተለየ ስም ተሰጣቸው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ያን ሁሉ ልጅ ያለ ስሙ የጠራው ሞያ መሣሪያ አጥቶ አልነበረም፤ ኬ ሳድስ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብሎ «መቼ ጀመረ? ስንት ቀን ቆየ? መሐል ላይ ደህና ነበር?» የሚል ሰው ነው የጠፋው። የአሥራ አምስት ደቂቃ ቀጠሮ ይህን አይችልም።

ለእናትየዋ፦ ልጅሽ የምትማረው ይህንን ቁጭ ማለት ነው በይልኝ።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ፣ ይሄ ነው ብዙ የሚያሳስበኝ። ኬ ሳድስ ድባቴን ሲፈልግ «ታዝናለህ ወይ?» ብቻ አይልም። «ደስ የሚልህ ነገር ምን ነበር? አሁንስ? ብዙ ጊዜ ይሰለችሃል?» ይላል፤ መሰልቸትን እንደ ምልክት ይቆጥራል። አማርኛ የሚናገር የ14 ዓመት ልጅ «ደበረኝ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ፊልሙም ደበረው፣ ሰውየውም ደበረው፣ ሕይወትም ደበረው። ድብርትና ደበረኝ ከአንድ ሥር ናቸው፣ ወላጅ ግን ሁለተኛውን ሲሰማ «ቅብጠት ነው» ይላል። «ሆዴ ባባ»፣ «ከፋኝ»፣ «ልቤ ተሰበረ» እያንዳንዱ ክብደቱ ይለያያል። ነጭናጫነትም እንዲሁ፤ ከ1987 ጀምሮ በልጆች ድባቴ መስፈርት ውስጥ ከሐዘን ጎን ተቀምጧል፣ እኛ ዘንድ ግን «ጠባዩ ከፋ» ተብሎ ወደ ቁጣ ወይም ወደ ጸበል ይሄዳል። ጸበሉን አልቃወምም፣ ጥያቄው አብሮ ይኑር ነው የምለው።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ልጁ እንግሊዝኛ ይችላል፣ እናትየዋ አትችልም፣ ክሊኒኩ ልጁን አስተርጓሚ ያደርገዋል። እስቲ አስቡት፤ የ12 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የመሞት ሐሳብ የቀረበውን ጥያቄ ለእናቱ ሊተረጉም! ወላጅና ልጅ ለየብቻ ይጠየቁ የሚለው ነገር ሁሉ እዚህ ጋ ይፈርሳል። የአሜሪካ የጤና ሕግ ከ2016 ደንብ ወዲህ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግን ይከለክላል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብት ነው፣ ውለታ አይደለም።

አገር ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው፤ ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት ለመሆን ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ፒትስበርግ የደረሰበትን በአንድ ሌሊት አንጠብቅም። የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ አይቶ ነጥብ ሰጥቶ መነጻጸር ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለማመልከት ለምታስቡ ሁለት ነገር፦ «ቲ 32» የሚባሉት ቦታዎች ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ፤ ሆስፒታሎች በራሳቸው በጀት የሚቀጥሩባቸው ግን ይለያያሉ፣ ጽፋችሁ ጠይቁ። የላይሰንስ ሰዓት ደግሞ በየግዛቱ የተለየ ነው። ካሊፎርኒያ በጠቅላላው 3,000 ሰዓት በክትትል ሥር የተሠራ ሥራ ትፈልጋለች፣ ቢያንስ ግማሹ ከዶክትሬት በኋላ። አንዳንድ ግዛቶች የድኅረ ዶክትሬቱን ግዴታ አንስተዋል። ስለዚህ የምትኖሩበትን አጣሩ።

እናንተ ክሊኒክ ውስጥ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ «አንሄዶኒያ»ን ለ10 ዓመት ልጅ በአማርኛ ስትጠይቁ የምትጠቀሙበትን ዓረፍተ ነገር ከታች ጻፉልኝ። እኔ «ድሮ ስትጫወተው ደስ ይልህ የነበረ፣ አሁን ግን ምንም የማይመስልህ ነገር አለ?» ነው የምለው። የተሻለ ያለው ያካፍለን።